ባር ቪቴሊ፣ ሳቮካ፦ ለፊልሙ ሄዳችሁ ለግራኒታው የምትቀመጡበት ቤት

የጣሊያኗ ደሴት ሲሲሊ ውስጥ ታኦርሚና ድረስ ከሄዳችሁ ሳቮካን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ባሕር ዳር ካለችው ሳንታ ቴሬሳ ዲ ሪቫ ተነስቶ ጠመዝማዛው መንገድ ሽቅብ ይወጣል። ከተማዋ ያለችው 300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ፒያሳ ፎሲያ የሚባል ትንሽ አደባባይ አለ፤ ባር ቪቴሊ የሚባለው ቡና ቤትም እሱ ላይ ነው።

ዘ ጎድፋዘር የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ቤቱን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ እ.ኤ.አ. በ1971 ቀረጻውን ያካሄደው እዚሁ ነው። በፊልሙ ቦታው ኮርሊዮኔ ይባላል። እውነተኛዋ ኮርሊዮኔ ግን ያኔ መልኳ ተቀይሮ ስለነበር፣ የድሮ ገጽታቸውን ያልለቀቁት ሳቮካና ጎረቤቷ ፎርዛ ዳግሮ ተመረጡ። አል ፓቺኖ የሚጫወተው ማይክል ከጠባቂዎቹ ጋር ውጪ ተቀምጦ፣ መንገድ ላይ ስላያት ቆንጆ ልጅ የቡና ቤቱን ባለቤት የሚያናግረው በዚህ በር ላይ ነው። ሰውየው ለካ አባቷ ነው!

እኔን የማረከኝ ቤቱን ሳይነኩት ማቆየታቸው ነው። የድንጋዩ ግድግዳ ያው ነው። ሐረጉ እንደወጣበት አለ። ውስጡ ደግሞ የቀረጻው ጊዜ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ዝነኛ ከሆነ በኋላ አፍርሶ በመስታወት መሥራት ቀላል ነበር፤ አላደረጉትም፣ እሰየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሎሚ ግራኒታ የሚሉትን የሲሲሊ የበረዶ ጣፋጭ እዘዙ። ሎሚ ስለተባለ ቢጫ አትጠብቁ፤ ነጣ ብሎ በብርጭቆ ይመጣል። አይስክሬም አይደለም፣ የተፈጨ በረዶም አይደለም። እየቀዘቀዘ እያለ ስለሚማሰል በረዶው ደቃቅ ፍሬ ይሆናል፤ ምላስና ላንቃ መሃል ገብቶ ወዲያው ይሟሟል። መጀመሪያ ኮምጠጥ ይልና ጣፋጩ ኋላ ይከተላል። የልጣጩ ሽታ አፍንጫ ላይ ይቀራል። ከሥር የቀለጠውን ጭማቂ በማንኪያ ጠርጋችሁ ጠጡት፤ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው። ዙካራታ የሚሉት የአካባቢው ብስኩት አብሮት ሲቀርብ እየነከሩ መብላት ነው።

ጾም ላይ ላላችሁ ደግሞ፣ የሎሚ ግራኒታ ውሃ፣ ስኳርና ሎሚ ነው። እኛ የሄድነው ረቡዕ ቀን ነበር፤ እህቴ ሳትሳቀቅ በላች። ብስኩቱን ግን ምን እንደገባበት ሳትጠይቁ አትንኩ። የሲሲሊ ሰው ለቁርስ ከግራኒታ ጋር የሚበላው ብሪዮሽ የሚባል ለስላሳ ዳቦም እንቁላልና ቅቤ አለበት። የቡና ግራኒታ ካማራችሁ «ሴንሳ ፓና» በሉ፣ ያለ ክሬም ያመጡላችኋል።

ጠዋት ሂዱ። ቀትር ላይ የጉብኝት አውቶቡሶች ሲደርሱ አደባባዩ ይጨናነቃል፣ ውጪ ወንበር ማግኘትም ያስቸግራል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በሩ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ አንድ ቡና እንኳ ሳይጠጣ የሚሄደው ሰው ብዛት ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት የሚቆየው በሚቀመጥ ደንበኛ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አለመቀመጥ ምን ይሉታል? ለኔ ያ ጥላ ሥር የነበረው ጊዜ ከታኦርሚናው ግርግር በብዙ ይበልጣል።

ከጨረሳችሁ በኋላ አደባባዩ ላይ ካሜራ የያዘውን የኮፖላን የብረት ምስል እዩት። ከዚያ ሽቅብ ወደ ሳን ኒኮሎ ቤተ ክርስቲያን በእግር ሂዱ፤ የማይክልና የዚያች ቆንጆ ልጅ፣ የአፖሎንያ፣ ሠርግ የተቀረጸው እዚያ ነው። ሕንፃው አለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሸለቆውን ቁልቁል ያያል። ተረከዝ ያለው ጫማ ግን አይሆንም፣ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው።