ልጄ የሚሮጥበት ቁርአን ቤት

ልጄን ኮልፌ፣ ሰፈራችን ያለው ቁርአን ቤት ካስገባሁት ስድስት ወር ሆነው። ሰባት ዓመቱ ነው። በፊት የነበረበት ቦታ አለንጋ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሆዱን ያመው ነበር። አሁን ጫማውን በር ላይ ወርውሮ ይገባል።

ሚስጥሩ ኡስታዙ ናቸው። ልጁ «ዷድ» የምትባለውን የአረብኛ ፊደል እንደ «ዳል» ሲያነባት አይቆጡም። ጉንጫቸውን በጣት እየነኩ ምላስ ከመንጋጋ ጥርስ ጋር የት እንደሚገናኝ ያሳዩታል። አስር ጊዜም ቢሆን። «ትዕግስቱ ከየት መጣ ኡስታዝ?» አልኳቸው አንዴ። አነስ ኢብኑ ማሊክን ጠቀሱልኝ፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስር ዓመት አገልግሎ አንድም ቀን «ኡፍ» ያልተባለውን።

ገር ናቸው እንጂ ልል አይደሉም። ቃኢዳውን፣ ማለትም የፊደልና የንባብ መጀመሪያውን መጽሐፍ፣ ያልጨረሰ ልጅ ቁርአን ከፍቶ አያነብም። ጎረቤቴ «ልጄን አዘገዩት» ብላ ታማቸዋለች። እኔ ግን ተመችቶኛል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ምንጣፉም አርጅቷል። ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈሳል፤ ይሄ መታየት አለበት። ክፍያው በወር 500 ብር ነው።

ባለፈው ልጄ አሞት ቀረ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ኡስታዙ ናቸው። «ስልኩን ለሱ ስጪው» አሉኝ። ሱረቱል ፊልን፣ አጭሯን የቁርአን ምዕራፍ፣ በቃላቸው አብረው አነበነቡ፤ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ።