ቆማ ለምትውል መኪና የትኛው ኢንሹራንስ ያዋጣል?

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ከእሁድ እስከ እሁድ ከፓርኪንግ የማትነቃነቅ የሐበሻ መኪና ሞልታለች። ባለቤቷ ሥራ የሚሄደው በሜትሮ ነው፣ ወይም ከቤቱ ይሠራል። እሷ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች፣ እንጀራ ታመላልሳለች፣ አንዳንዴም ደለስ ኤርፖርት እንግዳ ትቀበላለች። ኢንሹራንሱ ግን በየቀኑ ሪችመንድ ደርሳ የምትመለስ ይመስል ይቆጥራል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሹፌር በአማካይ በዓመት ወደ 13,500 ማይል ይነዳል። እናንተ 4,000 ብቻ የምትነዱ ከሆነ ያልበላችሁትን ዕዳ እየከፈላችሁ ሊሆን ይችላል።

በጣም ቀላሉ መንገድ ተራው የማይል ቅናሽ ነው። ደውሎ መጠየቅ ብቻ። ኢንሹራንሱን ስትገቡ የሞላችሁት የዓመት ማይል ብዙ ጊዜ ለዓመታት እንዳለ ይቀመጣል። የእኔ ፎርም ላይ 12,000 ይል ነበር። ሥራ ከቀየርኩ ሁለት ዓመት ቢያልፈኝም ማንም አልጠየቀኝም፤ ለምን ብለው ይጠይቁኝ! ደውዬ ሳስተካክል ዋጋው ትንሽ ወረደ። ትንሽ ነው ያልኩት። ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ግን ይህ ስልክ የበለጠ ያዋጣል። እዚያ በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 103 የዓመት ማይልን ከመንዳት ታሪክ ቀጥሎ ሁለተኛው መመዘኛ አድርጎታል።

ለቆመች መኪና ዋናው ነገር ያለው በማይል መክፈሉ ላይ ነው። የኔሽንዋይድ ስማርትማይልስና የኦልስቴት ማይልዋይዝ የሚታወቁት በዚህ ነው። ቋሚ ክፍያ አለ፣ በላዩ ላይ ለነዳችሁት ማይል ሳንቲም ይጨመራል። ለምሳሌ ያህል ቋሚው በወር 45 ዶላር፣ ማይሉ 7 ሳንቲም፣ ተራው ኢንሹራንስ ደግሞ ከነቅናሹ 94 ዶላር ነው እንበል።

በወር 300 ማይል፦ በማይል 66 ዶላር፣ በተራው 94
በወር 700 ማይል፦ ሁለቱም 94
በወር 1,000 ማይል፦ በማይል 115፣ በተራው 94

የእናንተ ቁጥር ሌላ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው። ከተራው ዋጋ ላይ ቋሚውን ቀንሱ፣ የቀረውን ለማይሉ ዋጋ አካፍሉ። የሚወጣው የወር ማይል ድንበራችሁ ነው፤ ከዚያ በታች ከነዳችሁ በማይል መክፈሉ ይረክሳል።

«አትላንታ ሠርግ ብጠራስ?» የሚል አይጠፋም። ስማርትማይልስ በአንድ ቀን ከ250 ማይል በላይ ያለውን አያስከፍልም፤ ማይልዋይዝም በብዙ ስቴቶች እንዲሁ ነው። የሚከብደው ረጅሙ መንገድ ሳይሆን በየቀኑ የሚደጋገመው አጭሩ ነው። ማይልዋይዝ እንደ ሞባይል ካርድ ቀድሞ ሂሳብ ይሞላበታል፣ እሱን የማይወድ ሰው አለ። መኪናዬ ላይ መሣሪያ አይሰካብኝ ለሚል ደግሞ ማይል ኦቶ አለ፤ በየወሩ የኦዶሜትሩን (የማይል ቆጣሪውን) ፎቶ መላክ ብቻ ነው። አንዳቸውም በሁሉም ስቴት ስለማይገኙ መጀመሪያ ዚፕ ኮዳችሁን አስገብታችሁ እዩ።

ሦስተኛው በአፕ ወይም በመሣሪያ አነዳዳችሁን እያየ ዋጋ የሚያወጣው ነው። የፕሮግረሲቭ ስናፕሾት አንዱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ትንሽ ስለምነዳ ይቀንስልኛል» ይላል። ማይሉ ይቆጠራል፣ እውነት ነው፤ ግን ድንገተኛ ፍሬንም ይቆጠራል፣ የምትነዱበት ሰዓትም ይቆጠራል። ሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እየነዳች፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ ብቻ ነጥብ ልታጣ ትችላለች። ስናፕሾት ደግሞ በብዙ ስቴቶች ዋጋ ሊጨምርም ይችላል። የስቴት ፋርሙ ድራይቭ ሴፍ ኤንድ ሴቭ ቅናሽ እንጂ ጭማሪ እንደሌለው ነው የሚታወቀው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እሱን ነበር የምሞክረው። ለሌሊት ሠራተኛ ግን በማይል መክፈሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኡበር ወይም ሊፍት የምትሠሩ፣ ለትርፍ ሰዓት ብቻ ቢሆንም፣ የግል የማይል ኢንሹራንስ ለዚያ ሥራ አይሆንም። ለኩባንያው በግልጽ ተናገሩና ለሥራው የሚሆን ሽፋን ጠይቁ።

አገር ቤት ለሦስት ወር ስትሄዱስ? ቆማ ለምትቆይ መኪና ኮምፕሪሄንሲቩን (ከግጭት ውጭ ያለውን ጉዳት የሚሸፍነውን) ብቻ ይዞ ሌላውን ማውረድ አንዳንዴ ይቻላል፤ ስርቆትና በረዶ እንደተሸፈኑ ይቆያሉ። የባንክ ዕዳ ያለባት መኪና ግን አይሆንም፣ አበዳሪው ሙሉ ሽፋን ይፈልጋል። ሜሪላንድ ደግሞ ታርጋውን ሳትመልሱ ኢንሹራንስ ካቋረጣችሁ ቅጣቱ በየቀኑ ይጨምራል። ቨርጂኒያ ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን አትቀንሱ፦ ላያቢሊቲውን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍለውን። ትንሽ መንዳት የአደጋውን ዕድል እንጂ የአደጋውን ሂሳብ አያሳንስም። ቨርጂኒያ ራሷ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛውን በአንድ ሰው 50,000፣ በአንድ አደጋ 100,000 ዶላር አድርጋለች፤ እሱም ለአንድ የሆስፒታል ቢል ላይበቃ ይችላል። ዋጋ ስታነጻጽሩ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ሽፋንና አንድ ዓይነት ዲዳክቲብል (ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ጠይቁ። አለበለዚያ የረከሰው የጎደለው ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ወርዳችሁ ኦዶሜትሩን ፎቶ አንሱ፣ ከ30 ቀን በኋላም ድገሙት። እኔ 500 ገደማ ነው ብዬ ስምል የነበረው 280 ሆኖ ተገኝቷል።