ባለአራት ጥያቄው የሽንት ማምለጥ መጠይቅ፣ ጎንደር ላይ ሲሠራበት

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ለሴቶች ቅጽ እያነበብኩ መሙላት የዘወትር ሥራዬ ነው። በእጄ ካለፉት ሁሉ አይሲአይኪው የሚባለውን አጭሩን የሽንት ማምለጥ መጠይቅ እወደዋለሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን አራት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ስንት ጊዜ ያመልጥሻል፣ ምን ያህል፣ ኑሮሽን ምን ያህል አውኮታል፣ የሚያመልጥሽስ መቼ መቼ ነው። ሦስቱ ተደምረው ከ0 እስከ 21 ነጥብ ይሰጣሉ፤ አራተኛው ነጥብ የለውም። ከደንቢያ ወይም ከወገራ በሌሊት ተነስታ የመጣች እናት የመመለሻ መኪና ሳይሄድባት ትጨርሰዋለች።

መጠይቅ የሚታመነው ግን ሕመሙ ሳይለወጥ ደግመን ስንጠይቅ ያው መልስ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሁለቴ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ልዩነት። ጊዜው ካጠረ የቀድሞ መልሷን አስታውሳ ትደግመዋለች፤ ከረዘመ ሕመሙ ራሱ ይሻላል ወይም ይብሳል። የሁለቱ መልሶች መቀራረብ ይሰላና ከ0.7 በላይ ከሆነ በተለምዶ ይበቃል ይባላል፤ 1 ፍጹም መግጠም ነው።

ይህ ስሌት የማያየውን እኛ እናየዋለን። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ያልቀመሰች ሴት ቀን ቀን የሚያመልጣት ሊቀንስ ይችላል። አንዱን በጾም፣ ሌላውን ከፋሲካ በኋላ ጠይቆ መጠይቁን መውቀስ ግፍ ነው። «ያለፉት አራት ሳምንታት» የሚለውም ለብዙዎቹ አይጨበጥም። «ካለፈው ወር ሚካኤል ወዲህ» ስላቸው ነው ቆም ብለው የሚያስቡት። ይህን ካደረግን ግን በሁለቱም ጊዜ እኩል ማድረግ አለብን።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍሉ ውስጥ ማን አለ የሚለው ነው። አንዲት እናት ከአማቷ ጋር መጥታ መሬት መሬቱን እያየች «በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው» አለችኝ። «ስንት ጊዜ» በሚለው ላይ 1 ጻፍኩ። በቀጠሮዋ ብቻዋን መጣች። በሩን ዘጋሁ። «ሲስተር፣ በቀን ብዙ ጊዜ ነው። ስሰግድ ያመልጠኛል። ቤተ ክርስቲያን መግባት ትቻለሁ፤ ከውጭ ተሳልሜ እመለሳለሁ» አለችኝ። አሁን 4 ሆነ። ሕመሟ ያው ነው፤ የተለየው የአማቷ አለመኖር ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት በጥናት ወረቀት ላይ የመጠይቁ ድክመት መስሎ ይጻፋል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ለዚህ ነው መጠይቁን የምታነበው በሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው ትሁን፣ በሩ ይዘጋ፣ ዘመድ ውጭ ይጠብቅ የምለው።

አራተኛው ጥያቄ ላይ «የሰውነት እንቅስቃሴ ስትሠሪ» የሚል አለ። እዚህ አገር ስግደቱን፣ ጀሪካን ማንሳቱን፣ ልጅ ማዘሉን በስሙ ካልጠራንላቸው «አይ፣ እኔ ስፖርት አልሠራም» ብለው ያልፉታል።

ድምሩን ብቻ ማየትም ያሳስታል። አንዷ ሁልጊዜ ይፈሳታል (5)፣ ብዙ ነው (6)፣ ለምዳዋለችና ኑሮዬን አላወከውም ትላለች (1)። ሌላዋ በሳምንት ሁለት ሦስቴ (2)፣ ጥቂት (2)፣ ግን ከሰው መቀላቀል ትታለች (8)። ሁለቱም 12 ናቸው፤ 12 ደግሞ በተለመደው አከፋፈል መካከለኛ ነው። የመጀመሪያዋ ምጥ ጠንቶባት የወለደች ከሆነች ፊስቱላ (በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላልና ቶሎ መመርመር አለባት። ይህን የሚጠቁመው ነጥብ የሌለው አራተኛው ጥያቄ ነው፤ «ሁልጊዜ» የሚለው ሳጥን።

ለጤና ጣቢያም ለተመራቂ ተማሪዎች ጥናትም ይህን መጠይቅ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ካርዳችሁ ለድምር ብቻ ቦታ ካለው፣ ጎኑ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች ለይታችሁ ጻፉ፤ «ሁልጊዜ» ያለችውንም ምጧ እንዴት እንደነበር ሳትጠይቋት ወደ ቤቷ አትስደዷት።