የዓለምን ነፋስ በዓይን ማየት፦ የ«ኧርዝ ናልስኩል» ካርታ ግምገማ

የምድርን የአየር ዝውውር ለሚማርም ለሚያስተምርም ከዚህ ነፃ የኢንተርኔት ካርታ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። የነፋሱ መረጃ የሚመጣው ጂኤፍኤስ ከተባለው የአሜሪካ የትንበያ ሞዴል ነው።

ምናሌውን ከፍተው ከፍታውን 850 ሄክቶፓስካል (ካርታው ከፍታን የሚለካበት የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ማለትም 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያድርጉ። ከሰሜን ምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ምድር ወገብ የሚነፍሱት የንግድ ነፋሳት በውቅያኖሶቹ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከዚያ ወደ 250 ይውጡ፤ 10,500 ሜትር ገደማ ላይ ጄት ስትሪም የሚባለው ጠባብና ፈጣን የከፍታ ነፋስ እንደ ወንዝ ሲጠማዘዝ ያገኙታል። በብርዱ ወቅት ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ለእኛ ትልቁ ሀብት ግን በአየር ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ውሃ የሚያሳየው ንብርብር ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው እርጥብ ቀበቶ አየር የሚነሣበትና ዝናብ የሚበዛበት ነው። በሰሜንና በደቡብ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ደግሞ አየሩ ሲወርድ ይታመቃል፣ ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ ሰሃራን የመሰሉ በረሃዎች እዚያ የሆኑት ስለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ያሳስታል። ካርታው የአንድ ቅጽበት ምስል በመሆኑ የሃድሊ ዑደት፣ ማለትም አየር በምድር ወገብ ተነሥቶ በ30 ዲግሪ አካባቢ ወርዶ የሚመለስበት ዙር፣ ሙሉ ቅርጹ አይታይበትም፤ ያ የሚወጣው በወራት አማካይ ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ በሆኑ ደጋዎች ደግሞ የ850ው ነፋስ ከመሬት በታች የተሰላ ግምት ስለሆነ አይመኑት፤ 700ን ይጠቀሙ።

አንድ ቦታ ሲጫኑ የሚወጣው የዲግሪ ቁጥር ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫ እንጂ የሚሄድበትን አያመለክትም።