የመኪና ቤት በር በጎንደር፦ ተከፋች፣ ተንሸራታች፣ ሻተር ወይስ ሴክሽናል?

ጎንደር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ መኪና በር ሲያማክር ቀድሞ የሚያነሣው የካሬ ሜትሩን ዋጋና የበሩን መልክ ነው። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው። ከሁለቱ በፊት ግን መሬቱ ይታይ። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ አንዱ ወንዝ የሚሄድ ሰው ቁልቁል ነው የሚወርደው። ሜዳ ላይ ለዓመታት ሳያስቸግር የሚያገለግል በር እዚህ ሲተከል መሬት ይፈትጋል፣ ቁልፉ ሲከፈት በራሱ ይንከባለላል፣ ወይም የሐምሌ ጎርፍ ከሥሩ ይገባበታል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት በር ሁለት ክረምት ሳይሻገር ሲጣመም ማየት ያሳዝናል፤ በቅድሚያ ቢታሰብበት ኖሮ የማይደርስ ጉዳት ነውና።

ምርጫው በአራት በሮች መካከል ነው። ተከፋቹን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከቱቦላሬና ከላሜራ ተበይዶ በማጠፊያ የሚንጠለጠል ባለ ሁለት ክንፍ በር ነው። ተንሸራታቹ አንድ ወጥ ሆኖ መሬት ላይ በታሰረ ሐዲድ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል። ሻተር በሱቆች የምናየው፣ ከቀጫጭን የብረት ጠፍጣፎች ተቀጣጥሎ ከላይ በዘንግ ላይ የሚጠቀለለው ነው። ሴክሽናል የሚባለው ደግሞ በአግድም ከተያያዙ አራት ወይም አምስት ሰፋፊ ክፍሎች ተሠርቶ በግራና በቀኝ ሐዲድ ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያ ሥር ይተኛል፤ ክብደቱን የሚሸከምለት ተጠምዝዞ የተወጠረ ሞላ ነው።

ስለ ልኩ ብዙ አልልም። ዛሬ ያላችሁ መኪና ቪትዝ ቢሆንም በሩን ለቪትዝ ብቻ አትለኩ። ትልቁ ላንድ ክሩዘር ስፖኪዮው ሳይቆጠር ወደ 2 ሜትር ይሰፋል፤ ባለ ከፍተኛ ጣሪያ ሀይስ ከ2.2 ሜትር በላይ ቁመት አለው። የ3 ሜትር ስፋትና የ2.4 ሜትር ቁመት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ከጠባብ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ታጥፋችሁ የምትገቡ ከሆነ ግን ስፋቱን ወደ 3.5 ሜትር ከፍ አድርጉት።

ዳገቱ የትኛውን ይፈቅዳል?

የመኪና መግቢያችሁ ከበሩ ወደ ውስጥ በየሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። በሩ 3 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ክንፍ 1.5 ሜትር ነው። ክንፉ ወደ ውስጥ ሲከፈት ጫፉ የሚደርስበት መሬት ከበሩ ሥር ካለው በ15 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ በሩን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ወይ ክንፉ የሚዞርበትን ቦታ ቆፍሮ ማስተካከል። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ለድመት፣ ለውሻና ለጎርፍ መግቢያ ትቶ ነው የሚያድረው። ሁለቱንም ያላደረገ ሰው ደግሞ ውጤቱን ኮንክሪቱ ላይ ያገኘዋል። በየግቢው በር ሥር ያለውን የግማሽ ክብ ጭረት ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ከማጠፊያው እየራቀ በሄደ ቁጥር ይጠልቃል። የክንፉ የታችኛው ማዕዘን ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል፤ ዝገት የሚጀምረውም ከዚያችው ጥፍር ከምታህል ቦታ ነው።

መሬቱ ከበሩ ወደ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ግን ተከፋች በርን የሚያህል የለም። ክንፉ ሲከፈት ከመሬት እየራቀ ይሄዳል፣ ለመሥራትም ቀላል ነው፣ ጎንደር ውስጥ የትኛውም ብየዳ ቤት ይጠግነዋል። ዳገት ያስቸገረው ሰው በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ያምረዋል። ይህን አልመክርም። ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበትና ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የብረት ክንፍ ድንገት ሲዘረጋ ሰው ይጎዳል።

ተንሸራታች በር ወደ ውስጥ ስለሚወጣው ዳገት ግድ የለውም፤ የሚሄደው ወደ ጎን ነውና። እሱን የሚያስቸግረው በአጥሩ አቅጣጫ ያለው ዘቅዛቃነት ነው። 150 ኪሎ የሚመዝን በር በየሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር በሚዘቀዝቅ ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ በ15 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ቁልቁሉ ይጎተታል። የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ጥሩ በሆነ መጠን ደግሞ በሩ ይበልጥ ይሮጣል። ስለዚህ ሐዲዱ በውሃ ልክ ተለክቶ ፍጹም ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ መሬቱ ያዘነበለ ከሆነ ከሐዲዱ ሥር ያለው ኮንክሪት በዝቅተኛው ወገን ከፍ ተደርጎ ይሞላል። ሌላው የሚጠይቀው ቦታ ነው። ለ3 ሜትር በር ከጎኑ 3.5 ሜትር ያህል ምንም ነገር ያልቆመበት ቀጥ ያለ አጥር ያስፈልገዋል። ይህን ማግኘት የሚችል፣ መግቢያውም ዳገት የሆነ ሰው ሌላ በር ባያስብ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ግን ሳላሳስብ አላልፍም። በሐዲዱ ሁለት ጫፎች ከኮንክሪቱ ጋር የታሰረ ማቆሚያ ብረት ከሌለ፣ ከላይም በሩን አቅፈው የሚይዙ ሮለሮች ከሌሉ፣ በሩን አትረከቡ። ከሐዲዱ አልፎ የወጣ ተንሸራታች በር ይወድቃል፤ በሩን የሚገፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው።

ሻተርና ሴክሽናል መሬት አይጠርጉም፣ የጎን ቦታም አይወስዱም። በዚህ ከሁለቱ ይበልጣሉ። የመኪና ቤቱ ቀጥታ ወደ መንገድ የሚከፈት ከሆነ፣ ወይም ግቢው መኪናውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይሆናል። የሚፈልጉት የላይ ቦታ ነው። ሻተሩ ሲጠቀለል ከጉበኑ በላይ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ሴክሽናሉም ለተለመደው ሐዲድ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ በተጨማሪም ከበሩ ቁመት በላይ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ፣ አግዳሚ (ቢም) ወይም አምፖል የማያደናቅፈው ጣሪያ ይጠይቃል። ይህን ለአናጺውና ለግንበኛው መንገር ያለባችሁ ጉበኑ ከመሞላቱ በፊት ነው። ጣሪያው ዝቅ ብሎ ላለቀ ቤት ሻተር ከውጭ በኩል ሊታሰር ይችላል፤ ሴክሽናል ግን ብዙ ጊዜ አይሆንለትም።

ክረምትና አፈር

የጎንደር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ከመንገድ ዝቅ ብሎ ለተሠራ የመኪና ቤት የበሩ ዓይነት ብቻውን አያድነውም፤ ሻተርና ሴክሽናል ከታች ያላቸው ጎማ የሚያስቀረው ፍንጣቂ እንጂ ጎርፍ አይደለም። ከበሩ ፊት ለፊት በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ ይሠራ፤ መድረኩም ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ያዘንብል።

ተንሸራታች በር በክረምት ጠባዩ ይለወጣል። ጎርፍ ያመጣው ደለልና ጠጠር ሐዲዱ ላይ ያርፋል፣ መንኮራኩሩ እየዘለለ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ኩሽኔታው ይበላል። ሐዲዱ ጠርዙ ወደ ላይ የተገለበጠ አንግል ብረት ከሆነ ቆሻሻው ወደ ሁለቱ ጎን ይንሸራተታል፤ ወደ ታች የጎደጎደ ቦይ ከሆነ ግን ደለሉን እዚያው ያጠራቅመዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አሠሩ።

ወደ ደምቢያ ሜዳ ወረድ በሚለው አቅጣጫ ጥቁር አፈር አለ። ይህ አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በላዩ የቆመ ዓምድም አብሮት ይንቀሳቀሳል። የዓምዱ አናት ጥቂት ሲያዘነብል የተከፋች በር ሁለት ክንፎች አይገጣጠሙም፣ መወርወሪያውም ቀዳዳውን ይስታል። እንዲህ ባለ መሬት መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይቆፈር፤ ሁለቱ ዓምዶች ደግሞ ከመሬት በታች በአርማታ ማሰሪያ ይያያዙ።

መብራት ሲጠፋና ሌባ ሲመጣ

ሞተር ለሁሉም ይገጠማል፤ ለተንሸራታችና ለሴክሽናል ግን ከሌሎቹ ይበልጥ ይስማማል። ከመግዛታችሁ በፊት የምትጠይቁት፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት በሽተኛ ይዛችሁ እንዴት እንደምትወጡ ነው። ተንሸራታቹ ሞተሩን በሩ ላይ ከታሰረው ባለ ጥርስ ብረት የሚያላቅቅ ቁልፍ ይኑረው። ሻተሩ የእጅ ማዞሪያ ወይም የሚጎተት ሰንሰለት ይኑረው፤ ሻጩ «አያስፈልግም» ቢላችሁም አትቀበሉት። የመኪና ቤቱ ሌላ የሰው በር ከሌለው ማላቀቂያው ከውጭም መሥራት አለበት። የቮልቴጅ መዋዠቅ የሞተሩን መቆጣጠሪያ ካርድ ስለሚያቃጥል ማስተካከያ አብራችሁ ግዙ። የሻተር ሞተር ያለማቋረጥ 4 ደቂቃ ያህል ሲሠራ ሙቀት ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል፤ ተበላሸ ብላችሁ ከመፍታታችሁ በፊት እስኪበርድ ጠብቁ።

በጥንካሬ የሚበልጠው በወፍራም ላሜራ የተሠራ ተከፋች ወይም ተንሸራታች በር ነው። የሻተር ጠፍጣፎች ቀጭን ናቸው፤ የሴክሽናል ክፍሎችም ከብረቱ ይልቅ በመካከላቸው ያለው ፎም ነው የሚያወፍራቸው። ተከፋቹን የምታሠሩ ሰዎች የማጠፊያው ፒን ወደ ላይ እንዳይወጣ በብየዳ አስዘጉት። ተንሸራታቹ ከሐዲዱ ተነሥቶ እንዳይወጣ ከላይ ከልካይ ብረት ይበየድለት።

ሙቀትና ድምፅን በመከላከል ግን ሴክሽናልን የሚተካከል የለም። መኝታ ቤት ከመኪና ቤቱ በላይ ላላቸው ሰዎች የሻተር የንጋት ጩኸት ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም መኪናቸውን ሌሊቱን በተዘጋ ደረቅ ቦታ ቻርጅ ማድረግ ይመርጣሉ፤ ለእነሱም ይስማማል። የነዳጅ መኪና ያላችሁ ግን በጥብቅ በተዘጋ በር ውስጥ ሞተር አስነሥታችሁ አታሙቁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በሩ የትኛውም ዓይነት ቢሆን በግድግዳው ላይ የአየር መውጫ ይኑር።

ብየዳ ቤት ስትሄዱ

በካሬ ሜትር የሚከፈል በር ላሜራው በሳሳ ቁጥር ለሠሪው ያተርፋል። «ጋሼ፣ 1.5 ነው» ሲባል ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አስይዙና ከመበየዱ በፊት ለኩ፤ ሠሪው ሐቀኛ ከሆነ አይከፋውም። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ አንድ ካሬ ሜትር የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ለ3 በ2.4 ሜትር በር የ1.5 ሚሊ ሜትሩ ላሜራ ብቻውን 85 ኪሎ ያህል ሲሆን የ1 ሚሊ ሜትሩ 57 ኪሎ አይሞላም። ልዩነቱ 28 ኪሎ ብረት ነው። ውፍረቱን፣ የቱቦላሬውን መጠንና የቀለሙን ዙር በውሉ ላይ አስጽፉ፤ የመጨረሻውን ክፍያም በሩ ተተክሎ፣ ተከፍቶና ተዘግቶ ካያችሁ በኋላ ስጡ።

ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት የብየዳው ቅርፊት ተፍቆ ይጥራ፤ ከዚያ ፀረ ዝገት ይቀባ። ቅርፊቱ ላይ የተቀባ ቀለም ከቅርፊቱ ጋር ይወድቃል። የቱቦላሬው የላይ አፍ ይዘጋ፣ ከታች ደግሞ ውሃ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ትበሳ። ብዙ በሮች የሚበሰብሱት ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ገና አዲስ ነው።

ሻተርና ሴክሽናል የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሞላው፣ ገመዱና ሮለሩ ጎንደር ውስጥ ይገኛሉ? የሚገጥማቸውስ አለ? መለዋወጫው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በዚያ ሰሞን መኪናችሁ ወይ ውስጥ ወይ ውጭ ታግዶ ይከርማል። ለዚህ ነው ሴክሽናልን ለሁሉም የማልመክረው፤ ጥሩ በር መሆኑን አምናለሁ፣ ተንከባካቢ በቅርብ ለሌለው ግን ይከብዳል።

ከተገጠመ በኋላ

ማጠፊያዎችን በዓመት ሁለት ጊዜ ግራሶ ቀቡ፤ አንዱን በግንቦት ዝናቡ ሳይገባ፣ ሌላውን በጥቅምት። የተንሸራታቹን ሐዲድ በክረምት በየሳምንቱ ጥረጉት። በሻተር የጎን ቦይ ውስጥ ግን ወፍራም ግራሶ አታድርጉ፤ የበጋው አቧራ ተጣብቆበት ይጠነክራል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ የሲሊኮን ቅባት መርጨት ይበቃዋል።

ሞተር ያለው ሴክሽናል በየወሩ ይፈተን። መሬት ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት አስቀምጣችሁ ዝጉት፤ በሩ ሲነካው ተመልሶ መውጣት አለበት። በአሜሪካ ለቤት የሚሠራ የበር ሞተር ይህን ማድረግ እንዲችል በሕግ ይገደዳል፤ እኛም ከሻጫችን ልንጠይቅ ይገባል። በሩ ሲዘጋ ሥሩ ሰው መኖሩን የሚያዩት የዓይን ሴንሰሮች ከወለሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አይሁኑ፤ የሚድኽ ሕፃን ከሥራቸው ያልፋልና። ከዚያ ሞተሩን አላቅቃችሁ በሩን በእጅ እስከ ግማሽ አንሡት። ባለበት ከቆመ ሞላው ደኅና ነው፤ ከወረደ ደክሟል።

ሞላው የተለመደው ዓይነት ከሆነ 10,000 ጊዜ ያህል ለመከፈትና ለመዘጋት የተሠራ ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚከፈት በር ይህን በሰባት ዓመት ገደማ ይጨርሳል። ሲበጠስ እንደ ተኩስ ይጮኻል፤ በሩም ድንገት ይከብዳል። በዚያን ጊዜ ሞተሩን እየነካካችሁ አትሞክሩ፣ ብሎኑንም ራሳችሁ አትፍቱ፤ የተወጠረ ሞላ እጅ ይሰብራል። ሁለት ሞላ ካለው አንዱ ቢበጠስም ሁለቱንም በአንድ ቀን አስለውጡ፤ የሠሩት እኩል ነውና ሌላውም ብዙ አይቆይም።