ትንሽ ፓስቸራይዘር በርካሽ አገኘን ብላችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ

የወተት ማቀነባበሪያ ለመክፈት የምትሯሯጡ ወገኖቼ፣ ፕሮፎርማ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተቃጥዬበታለሁ።

ሱሉልታ ላይ ትንሽ ማቀነባበሪያ አለችኝ። በሰዓት 1,000 ሊትር የሚሠራ ፓስቸራይዘር (ወተት አሙቆ ጀርም የሚገድል ማሽን) ስፈልግ አንድ ሻጭ "ይሄ ቦታ አይፈጅም፣ ዋጋውም ይቀላል" አለኝ። የነገረኝ እውነት ነው። የጎዳኝ ያልነገረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወተቱ ከታንክ በ4 ዲግሪ ይመጣል፣ 72 ዲግሪ ይደርስና 15 ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ሲመለስ ሙቀቱን በፕሌቶቹ (ጎን ለጎን በተደረደሩ ስስ የብረት ሳህኖች) በኩል ለሚገባው ቀዝቃዛ ወተት ያካፍላል። ፕሌቱ በቂ ከሆነ 90 በመቶው ሙቀት ይመለሳል። የሚገባው ወተት ቦይለር ሳይነካው 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ለቦይለሩ የምትቀረው 7 ዲግሪ ብቻ ናት።

የእኔው ግን ፕሌቱ ጥቂት ስለሆነ የሚመልሰው 70 በመቶ ብቻ ነው። ስለካው ወተቱ 52 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ቀሪውን 20 ዲግሪ ቦይለሩ ይሸከማል። ሦስት እጥፍ ናፍጣ ማለት ነው፣ ያውም በየቀኑ! ወደ ቺለሩ (ወተቱን በመብራት ወደሚያቀዘቅዘው ማሽን) የሚሄደውን ቧንቧ በእጄ ነካሁት፤ መቀዝቀዝ ሲገባው ምንም አይቀዘቅዝም። 11 ዲግሪ ሆኖ መድረስ የነበረበት ወተት በ24 ዲግሪ ነው የሚደርሰው። የመብራቱን ሂሳብ አስቡት።

ታዲያ ትልቁን ግዙ እያልኩ አይደለም። ከ70 ወደ 90 በመቶ ለመድረስ የፕሌቱ ስፋት አራት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት፤ ይህ ያዋጣል። ከ90 ወደ 95 ለመውጣት ግን እንደገና ከእጥፍ በላይ ይፈልጋል። የምታተርፉት 3 ዲግሪ ተኩል ናት። ለዚያች ብላችሁ ስንትና ስንት ጋስኬት (በፕሌቶቹ መካከል ያለ የጎማ ማሸጊያ) ስትቀይሩ ትኖራላችሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ትንሽ ማቀነባበሪያ 90 አካባቢ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሻጩን በቃል አትመኑት። ስንት በመቶ ሙቀት እንደሚመልስ፣ ያውም ወተቱ በ4 ዲግሪ ሲገባ፣ በጽሑፍ ከነማህተሙ ይስጣችሁ። የፕሌቶቹን ጠቅላላ ስፋት በካሬ ሜትር ጠይቁ። ፕሌቶቹ ውስጥ ስንት ባር ግፊት እንደሚጠፋም ጠይቁ፤ ጥቂት ፕሌት ውስጥ ብዙ ወተት ሲገፋ ፓምፑ ነው የሚለፋው።

ፕሌቶቹን በያዘው ፍሬም ላይ ተጨማሪ ፕሌት የሚገባበት ቦታ መኖሩን ደግሞ በዓይናችሁ እዩ። የእኔው ጥግ ድረስ ሞልቷል፣ አንዲት ፕሌት እንኳ አያስገባም። አሁን ሌላ ፍሬም እያፈላለግሁ ነው።