የእናቴን ፌስታል ዘርግፋ ላየችልን ፋርማሲስት

ይህችን ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ አያርፍም።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ከፋሲካ ወዲህ ግን ግፊቷ አልወርድ አለ፤ 180 በ100፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እግሯም ማበጥ ጀመረ። ሦስት ቦታ ወሰድኳት። አንደኛው ጋ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ተደረገ፤ ሁለተኛው ጋ አምሎዲፒን የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ተጨመረ፤ ሦስተኛው ጋ «ጨው ሳይተዉ ከእኛ ምን ይጠብቃሉ?» ብለው ተቆጧት። እናቴ ሽሮዋን ያለ ጨው መብላት ከጀመረች ስንት ጊዜዋ! ታክሲ ውስጥ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ማየቴ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ከሦስቱ አንዳቸውም «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብለው አልጠየቁም።

አየር ጤና አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ፋርማሲ የገባነው የወሩን መድኃኒት ለመግዛት ብቻ ነበር። ባለሙያዋ ማዘዣውን አየችና «እማማ፣ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ ያመጡልኛል?» አለቻት። በማግስቱ እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ እያነሳች «ይህችስ ለምንድን ናት? መቼ መቼ ይወስዷታል?» ትላለች። በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ እሽግ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ዳይክሎፌናክ ነበር።

«እሷማ መድኃኒት አይደለችም ልጄ፤ የጉልበቴ ማስታገሻ ናት። ጎረቤቴ ናት ያመጣችልኝ፤ ጠዋትና ማታ እውጣታለሁ» አለች እናቴ። አብሬያት እየኖርኩ እኔም አላውቅም ነበር።

ባለሙያዋ ስለ ኩላሊት ብዙ አስረዳችኝ፤ ሁሉም አልገባኝም። የያዝኩት ይህን ነው፦ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ፤ የግፊት መድኃኒቱንም ጉልበት ያሳጡታል። እናቴ ከምትወስዳቸው፣ ኢናላፕሪል ከሚባለው የግፊት መድኃኒትና ሽንት ከሚያበዛው ኪኒን ጋር ሲደረቡ ደግሞ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። አንዳንድ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖችም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ።

እኔ የማልረሳው ግን እናቴን አለመቆጣቷን ነው። እጇን ይዛ «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የጠየቀዎት ስለሌለ ነው» አለቻት። የግፊቱን መድኃኒት እንዳታቋርጥ አደራ ብላ፣ ማስታገሻውን አስቁማ፣ ኩላሊቷ እንዲመረመር ለሐኪም ማስታወሻ ጻፈችልን። እናቴ ማንበብ ስለማትችል በየካርቶኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣለችላት። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልተቀበለችንም።

ሐኪሙ ለጉልበቷ ፓራሲታሞል አዘዘላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግፊቷ 135 በ80 ሆነ። ኩላሊቷም ደህና ነው ተባልን፤ ተመስገን!

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የፋርማሲውን አድራሻ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። እናት አባታችሁ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እባካችሁ ውሰዷቸው። የጎረቤቱንም ሆነ የጉንፋኑን ሳትለዩ፣ ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። በእውነት ሂዱ።

እናቴ ለእሑድ ድፎ ዳቦ ልትጋግርላት ተነሥታለች፤ አድራሹ እኔ ነኝ።